እውነት ወይስ ተረት? ቢላ ለማሠራት ሰቆጣ ከመውጣትዎ በፊት

በዋግ፣ አበርገሌ ውስጥ ቢላ የሌለው ቤት አይገኝም፤ አንድ ቢላ ብቻ ያለው ቤት ግን ሞልቷል። ያው አንዱ ቢላ ጠዋት ሽንኩርት ይከትፋል፣ ቀን ላይ ገመድ ይበጥሳል፣ የእሾህ አጥር ይመለምላል፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ ፍየል ያርዳል፣ ይገፍፋል፣ ሥጋ ይበልታል። ከኒሯቅ ከተማ ወደ ተከዜ በወረዱ ቁጥር ሥራው ይበዛል፤ ዓሣ አለ፣ ቀፎ አለ፣ የዕጣን ዛፍ አለ። ሽቅብ ወደ ሰቆጣ ገበያ ሲወጡ ሁለት ዓይነት ቢላ ያገኛሉ። አንዱ ከውጭ የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ፕላስቲክ እጀታ ነው። ሌላው እዚሁ አገር በከሰል እሳት የተቀጠቀጠ፣ ጠቆር ያለ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ሥራዎን ለብረት ሠሪው ነግረው፣ በእጅዎ ልክ ማሠራት።

ስለ እጅ ሥራ ቢላ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዳንዱ ከዘመናት ልምድ የተገኘ እውቀት ነው፤ አንዳንዱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት። ችግሩ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ በአንድ ድምፅ መነገራቸው ነው። እስቲ እንለያያቸው።

«ቀጥቃጭ ጋር መቅረብ ደግ አይደለም»

ተረት ነው፤ ከተረቶቹ ሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ሌሎቹ መጥፎ ቢላ ያስገዛሉ፤ ይኼኛው ግን ገዢውን ገና ከደጅ ይመልሰዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። ሌሊት ጅብ ሆኖ ይዞራል፣ ዓይኑ ያረፈበትን ያሳምማል ይባላል። ጎንደር አካባቢ ይህ ስም በተለይ በብረትና በሸክላ ሥራቸው በሚታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ላይ ተለጥፎ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲሄዱ፣ ሲሰደብ የኖረው ሙያም አብሮ ተሳፈረ።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈ፤ ስድቡ ግን በየገበያው ዳር ዛሬም አልጠፋም። ሰቆጣ አጠገብ ያለውን፣ ከዐለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን የሚሳለም ሰው፣ ዐለቱን የበላው መሮ በማን እጅ ተቀጥቅጦ እንደተሳለ አንድ ጊዜ ቢያስብ መልካም ነበር። ደግሞ የሚያስቀው፣ ቀጥቃጩን የሚሸሸው ያው ማኅበረሰብ የቀጥቃጩን ብረት ከክፉ መንፈስ ይጠብቃል ብሎ ከአራስ ትራስ ሥር ያኖራል።

ለሐሜቱ ማገዶ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ የምሽት እሳት ነው። «ለምን በጨለማ ይሠራል?» ይባላል። መልሱ ቀላል ነው። ብረት ምን ያህል እንደጋለ የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ ቀለሙን ፀሐይ ታደበዝዘዋለች። በጥላ ወይም በምሽት የሚሠራ ባለሙያ ሙቀቱን በትክክል ያነባል። ስለዚህ ምሽት ላይ ወናፉ ሲነፋ ከሰሙ፣ ምናልባት ከአካባቢው ጠንቃቃውን ሠሪ አግኝተዋል።

ይህ ሁሉ ከቢላ ምርጫ ጋር ምን አገናኘው? የሚሠራ ቢላ ከሚገዛ ቢላ የሚለየው በንግግሩ ነው። «ጋሼ፣ ፍየል የምገፍፍበት ነው፤ እጄ ትንሽ ነው፤ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የምስለው» ብለው ካልነገሩት፣ ሠሪው ለሁሉም የሚሸጠውን አንድ ዓይነት ቅርጽ ይሰጥዎታል። ሰው የሚሸሸው ባለሙያ ደግሞ ቢላው ከተሸጠ በኋላ ምን እንደሆነ አይሰማም። የትኛው እንደተሰበረ፣ የትኛው ቶሎ እንደዶለዶመ የሚነግረው ሰው ከሌለ ሥራው በምን ይሻሻላል?

«የባሌስትራ ነው ካሉ አለቀ»

ግማሽ እውነት። የመኪና ባሌስትራ ለቢላ የሚሆን ጥሩ ብረት መሆኑ ትክክል ነው። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ካርቦን ነው። ብረት በእሳትና በመንከር እንዲጠነክር በቂ ካርቦን ሊኖረው ይገባል። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 አካባቢ ካርቦን አለው። ለቤት ግንባታ የምንጠቀምበት ፌሮ ግን ብዙውን ጊዜ ከ0.3 አይበልጥም። ከፌሮ የተቀጠቀጠ ቢላ መልኩ ያው ቢላ ነው፤ ቢያግሉት፣ ቢነክሩት፣ ቢጸልዩበትም ለቢላ የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። አንድ ፍየል ሳያስጨርስ ስለቱ ይተኛል። አሮጌ ሞረድ ደግሞ በተቃራኒው ከመቶ 1 እና ከዚያ በላይ ካርቦን አለው። ስለቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ሠሪው በደንብ ካላለዘበው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

«የድሮ ብረት ይሻል ነበር» የሚሉ አባቶችም አሉ። አያቶቻችን ከድንጋይ አቅልጠው ያወጡት የነበረው ብረት የሙያ ድንቅ ነው፤ በደቡብ የዲሜ ሕዝብ በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከአፈር ምድጃ የሚወጣ ብረት ካርቦኑ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ ያነሰ ነበር። ከአንድ ክምር የወጡ ሁለት ቢላዎች እንኳ አይመሳሰሉም። ዛሬ ከአይሱዙ የወለቀ ባሌስትራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በዚህ በኩል የዛሬ ሠሪ ከአያቱ ይልቅ ዕድለኛ ነው።

ታዲያ ግማሹ ለምን ተረት ሆነ? አንደኛ፣ ባሌስትራው መኪና ላይ ዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ነው። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ያ ስንጥቅ ሲነከር ይከፈታል፣ ወይም ከቤትዎ ገብቶ አንድ ቀን አጥንት ላይ ይሰነጠቃል። ጠንቃቃ ሠሪ ብረቱን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አይቶ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛውና ዋናው ግን እሳቱ ነው። ጥሩ ብረት በመጥፎ እሳት ከመጥፎ ብረት አይሻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተቀጠቀጠው ቢላ እንደገና ይግላል። ወደ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ብረቱ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ለመንከር ዝግጁ ነው። አሮጌ ራዲዮ ስፒከር ውስጥ ያለ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሎ የሚጠቀም ሠሪ ሙቀት መለኪያ አያስፈልገውም። ከዚያ ይነከራል። የባሌስትራ ብረት በውሃ ከተነከረ አንዳንዴ ይሰነጠቃል፤ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ለቀጭን ቢላ በቂ ነው፣ አይቸኩልም። ያገለገለ የሞተር ዘይት ይነክራል፤ ጭሱ ግን ለሠሪው ሳንባ መርዝ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተነከረ ቢላ በጣም ጠንካራ፣ በዚያው ልክ ተሰባሪ ነው። እንደገና ቀስ ብሎ ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ መለዘብ አለበት። ይህ ሙቀት እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ላይ ያለው ሙቀት ነው። አሸዋ የተደረገበት አሮጌ ምጣድ ላይ ቢላውን ቀብሮ ማለዘብ ይቻላል። ቀድሞ የጠራ ብረት ከሆነ ቀለሙ ወደ ጤፍ ገለባ ቢጫ ሲቀየር ይታያል፤ ያኔ ይወጣል። ሰማያዊ ከሆነ አልፏል፤ ለምንጭ እንጂ ለስለት አይሆንም። ስለዚህ ለሠሪው የሚቀርብ ትልቁ ጥያቄ «ብረቱ ከየት መጣ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ከነከሩት በኋላ ምን ያደርጉታል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ «ምንም» ከሆነ ሌላ ሠሪ ይፈልጉ።

«ምስጢሩ የሚነከርበት ነገር ላይ ነው»

ከሞላ ጎደል ተረት፤ ግን ደስ የሚል ተረት ነው። በደም፣ በሽንት፣ በምስጢር ውሃ ስለተነከሩ ስለቶች የሚተርክ ሕዝብ በየአገሩ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረ ቴዎፍሎስ የተባለ አውሮፓዊ መነኩሴ ስለ እደ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ፍየል አስረው፣ አስርበው፣ ፈርን የተባለ ቅጠል ብቻ እያበሉ ሽንቱን አጠራቅመው ብረት እንዲነክሩበት ይመክራል። ይህን የሚያነብ የአበርገሌ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ፍየል ተርፎት ሽንት ለማጠራቀም ግን ጊዜ የለውም።

መነኩሴው ያየው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ምክንያቱን ነው የሳተው። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን የእንፋሎት መጋረጃ ይጋርደዋል፤ መጋረጃው ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። ሽንት ውስጥ ጨው አለ፤ ጨው መጋረጃውን ይበጥሰዋል፣ ብረቱም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጨው የተጨመረበት ውሃ ያንኑ ያደርጋል። ለባሌስትራ ግን ያን ያህል ፍጥነት አያስፈልግም፤ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

«መትተው ሲያዩት እንደ ደወል ከጮኸ ጥሩ ነው»

ተረት። ቢላ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ በርዝመቱ፣ በውፍረቱና በእጀታው አያያዝ ይወሰናል። ለስላሳ ብረትም በሚገባ ይጮኻል። ድምፁ ከሚነግርዎ ጥቂት ነገር አንዱ ስንጥቅ ነው፤ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ከዚያ ያለፈውን የሚነግርዎ ሞረድ ነው።

ፈተናው ይህ ነው። ትንሽ ጥሩ ሞረድ ይዘው ይሂዱ። ከእጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ክፍል ላይ፣ ሠሪውን አስፈቅደው፣ ቀስ ብለው ይሞርዱ። ሞረዱ እንደ ቅቤ ብረቱን ከበላው ቢላው ለስላሳ ነው። ከተንሸራተተ ወይም በጭንቅ ብቻ ከነከሰ ጠንክሯል። ቀጥሎ ስለቱን በወፍራም የናስ ዘንግ ላይ ጋደም አድርገው ጫን ይበሉት። ስለቱ በትንሹ ጎብጦ ከተመለሰ በትክክል ለዝቧል፤ ጎብጦ ከቀረ ለስላሳ ነው፤ ቅርፍ ካለ አልለዘበም። ስለ ሥራው እርግጠኛ የሆነ ሠሪ በዚህ ፈተና አይቀየምም።

«ወፍራም ቢላ ጠንካራ ቢላ ነው»

ይህ ተረት ብዙ የእጅ ድካም አስከትሏል። ባሌስትራ ሲመጣ ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። እሱን ቀጥቅጦ ማሳሳት ከሰልም ጉልበትም ይፈጃል፤ ስለዚህ ሠሪው ቢተወው አይፈረድበትም። ገዢውም «ወፍራም ነው፣ አይሰበርም» ብሎ ይወስደዋል። ሥጋ ላይ ሲያሳርፉት ግን ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። የሚቆርጠው ከስለቱ ጀርባ ያለው ቅጥነት ነው። ለወጥ ቤት 2 ሚሊሜትር ጀርባ ይበቃል። ለደጅ ሥራ ከ3 እስከ 4 ይሁን፤ ያም ወደ ስለቱ በእኩል እየሳሳ መሄድ አለበት። ከዚያ በላይ ውፍረት ከፈለጉ የፈለጉት ቢላ አይደለም፣ ገጀራ ወይም ምሳር ነው። እሱንም ለብቻው ያሠሩ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላ ተረት «አንድ ቢላ ለሁሉ ይበቃል» የሚለው ነው። ኪስ ካልፈቀደ ይበቃል፣ ምን ይደረጋል። ነገር ግን የአበርገሌ ሰው ኑሮው ፍየል ነው፤ የፍየሉ ቆዳም ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያን ሌጦ ደረጃውን ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ ሲገፈፍ የሚያርፍበት የቢላ ጭረትና ቀዳዳ ነው። ጭረቱ የሚመጣው በአብዛኛው ሹል ጫፍ ካለው፣ ቀጥ ካለ ቢላ ነው፤ ጫፉ ሳይታሰብ ይወጋል። ለመግፈፊያ የሚሆነው አጠር ያለ፣ ስለቱ ወደ ጫፉ ሲደርስ ሽቅብ የዞረ፣ ጫፉ ያልሾለ ቢላ ነው። በዚህ ቢላ መጀመሪያውን መስመር ከፍቶ፣ ቀሪውን በቡጢ እየገፉ መግፈፍ ቆዳውን ያድናል። ለሠሪው ይህን ቅርጽ በከሰል መሬት ላይ ሥለው ቢያሳዩት ይገባዋል።

ተከዜ ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከኋላው ባጠራቀመው ውሃ ላይ የዋግ ወጣቶች ዓሣ አስጋሪ ሆነዋል። ቆሮሶና አምባዛ በመግፈፊያው ቢላ አይሠሩም። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ከአጥንቱ ጋር እየተለጠጠ የሚሄድ ስለት ይፈልጋሉ። ከባሌስትራ ይህን ማውጣት ለሠሪው ፈተና ነው፤ ቅጥነቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች ወርዶ በእኩል መለዘብ አለበት። አሮጌ የእንጨት መጋዝ ምላጭ ካለ ሥራው ይቀልለታል፤ ብረቱ ከመነሻው ቀጭንና ካርቦን ያለው ነው።

ማር ለመቁረጥ ምንም ቀጭን ቢላ ይሆናል፤ በሙቅ ውሃ አሙቀው ጠርገው ይጠቀሙ። ዕጣን ግን ጨርሶ የቢላ ሥራ አይደለም። የዕጣን ዛፍ ልጡ በስሱ ብቻ ነው የሚላጠው፤ በደረቁ ወራት ያው ቁስል በየጊዜው እየታደሰ ዕጣኑ ይለቀማል። በቢላ ጠልቆ የተወጋ ዛፍ ይታመማል፣ ነፍሳት ይገቡበታል። ለዚያ የተሠራው መላጫ ለብቻው አለ። «ቢላዬ ሁሉን ይሠራል» የሚል ሰው እዚህ ላይ ዛፉን ነው የሚጎዳው።

«የማይዝግ ብረት ሁልጊዜ ይበልጣል»

አይበልጥም፤ የተለየ ነው። የማይዝግ የሚባለው ብረት ከመቶ 10.5 ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም አለው። ቢላ መንከባከብ ለማይመቸው ቤት ጥሩ ነው። ነገር ግን በትክክል ለማጠንከር 1000 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በልክ የተያዘ ሙቀት ይፈልጋል። በከሰልና በወናፍ ይህን ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ በልክ መያዝ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ከአገር ቤት ሠሪ «ስቴይንለስ አድርገህ ቀጥቅጥልኝ» ብሎ ማዘዝ ሰውዬውን ላልተዘጋጀበት ሥራ መዳረግ ነው። ርካሹ የገበያ ስቴይንለስም ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። አይዝግም፣ ግን አይቆርጥም።

የካርቦን ብረት ቢላ ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል። ይህ ዝገት አይደለም፤ እንዲያውም ጥቁረቱ በመጠኑ ይጠብቀዋል። ቀይ ብናኝ ሲያዩ ያ ዝገት ነው። ከተጠቀሙ በኋላ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት የምግብ ዘይት መቀባት ይበቃል። እርጥብ የቆዳ አፎት ውስጥ ማሳደር ግን ያበላሸዋል።

በአዲስ አበባ ሱቆችና ከውጭ በሚመጡ ዕቃዎች መካከል ሞገድ የሚመስል መስመር ያለባቸው፣ «ደማስቆ» የሚባሉ ቢላዎች ይታያሉ። በጥንት ዘመን በዚህ ስም የታወቀው ብረት መነሻው ደቡብ ህንድና ስሪላንካ ነበር። የዛሬው ሁለት ዓይነት ብረት ተነባብሮ ተቀጥቅጦ በአሲድ የታጠበ ነው፤ ርካሹ ላይ መስመሩ ከላይ ብቻ የተጻፈ ነው። ውበት ነው። መስመሩ ግን ሽንኩርት አይከትፍም።

«የጦር መሣሪያ ብረት ለቢላ ወደር የለውም»

ይህ የሚያስቅ ተረት አይደለም። ጦርነት ባለፈበት አካባቢ የወዳደቀ ብረት ይበዛል፤ ልጆችም ለቀጥቃጭ ሊሸጡት ይለቅማሉ። የጥይት ቀለህ ብዙውን ጊዜ ናስ ነው፣ ስለት አይወጣውም። ያልፈነዳ ተተኳሽ ደግሞ እሳት ላይ ሲደረግ ሠሪውንም ቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ምንነቱ ያልታወቀ ብረት አይንኩ፣ አያንቀሳቅሱ፤ ለአካባቢው ፖሊስ ያሳውቁ። ሠሪው እንዲህ ያለ ብረት ደጁ ላይ ከደረደረ ከእሱ ባያሠሩ ይሻላል።

«የዛገ ቢላ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል»

ምክንያቱ ዝገቱ አይደለም። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ ነው። ፍየል ባለበት ግቢ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ አዲስና የሚያብረቀርቅ ቢላም ሊይዘው ይችላል። መከላከያው ክትባት ነው፤ ጥልቅ ቁስል ሲኖር ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። በዚሁ ምክንያት የእርድ ቢላ የሕፃን እትብት አይቆረጥበትም፣ እንጥል አይቆረጥበትም፤ የሴት ልጅ ግርዛት ደግሞ በማንኛውም ስለት ቢሆን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። ቢላው እሳት ላይ ማለፉ ንጹሕ አያደርገውም፣ ስለቱን ግን ለስላሳ ያደርገዋል።

«ዶልዱም ቢላ እጅ አይቆርጥም»

ይቆርጣል፤ እንዲያውም በባሰ መንገድ። ዶልዱም ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፣ በጉልበት የተገፋ ቢላ ያመልጣል፣ ያመለጠ ቢላ ጣት ላይ ያርፋል።

አሳሳሉ ላይ ግን የምንሰማው ምክር አብዛኛው ትክክል ነው፤ ድንጋይ በውሃ አርሶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል መሳል። አንግሉን ለማግኘት ቢላውን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ግማሽ ያጋድሙት፤ የቀረውን እንደገና ግማሽ ያጋድሙት። ወደ 22 ዲግሪ ነው፤ ለደጅ ሥራ ይስማማል። ለወጥ ቤት ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ሲጨርሱ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ ያብሱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ይኼኛው እውነት ነው። «ግራይንደር የነካው ቢላ ተበላሸ» የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም። ፈጥኖ የሚሽከረከር ድንጋይ ቀጭኑን ስለት በቅጽበት ያግለዋል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካዩ፣ ሠሪው ምጣድ ላይ ለሰዓታት የደከመበት ጥንካሬ ከዚያ ቦታ ጠፍቷል። የሚያስሉት በግራይንደር ከሆነ በየመሐሉ ውሃ እንዲነከር ይጠይቁ።

እጀታና ዋጋ

ስለ እጀታ ተረት የለም፤ ችላ ማለት ነው ያለው። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ዋንዛ ቀላልና ለእጅ ምቹ ነው። ዋናው ግን እንጨቱ የደረቀ መሆኑ ነው። እርጥብ እንጨት በቆላው ሙቀት ይሰበሰባል፣ እጀታው ይላላል፤ ቀንድም በደረቅ አየር ሊሰነጠቅ ይችላል። ለደጅ ሥራ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ እንዲደርስ፣ በሁለትና ሦስት ምስማር እንዲታሰር ይዘዙ። ሠሪው አጭር ጅራት አግሎ እንጨት ውስጥ ቢሰካው ሥራው ይቀልለታል፣ ቢላውም ቀላል ይሆናል፤ ለወጥ ቤት ያ ይበቃል። እጀታው በእጅዎ ልክ መሆኑን የሚያውቁት አጥብቀው ይዘው ነው፤ ጣቶችዎ መዳፍዎን በጭንቅ ሲነኩ ልክ ነው።

የመጨረሻው ተረት «የአገር ቢላ ስለሆነ ርካሽ መሆን አለበት» የሚለው ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢሄዱ አሮጌ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ ሲለወጥ ያያሉ፤ እዚያም ሰቆጣም ዋናው ወጪ ብረቱ አይደለም። ከሰሉ፣ ሰዓቱና የተበላሹት ቢላዎች ናቸው። በልክዎ የሚሠራ፣ ቀጥኖ የወጣ፣ ተነክሮ የለዘበ ቢላ የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም። ዋጋውን ሲከራከሩ ይህን ያስቡ።

ሞረዱ ከበላው ግን ሳይከፍሉ ይመልሱት። በጥሩ ብረት የተሠራ ለስላሳ ቢላ አይጣልም፤ እንደገና እሳት ገብቶ፣ ተነክሮ፣ ለዝቦ ይስተካከላል። የማይስተካከለው የተሰነጠቀው ብቻ ነው።